ተራራው ሥር የቀረ ፉርጎ

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ባቡር ዳገት ስላቃተው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ መድረሻ ተብላ የታሰበችው ሐረር ነበረች። ቀያሾቹ ከቆላው ሆነው ወደ ደንገጎ ተራራ ሽቅብ ሲመለከቱ ግን ሒሳቡ አልወጣ አላቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ግድም ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመኪና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ለሆነ መንገድ ያን ሁሉ ከፍታ በሃዲድ መውጣት ብዙ ቁፋሮና ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ሃዲዱ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. መስመሩ ሲከፈት አዲሲቱ ጣቢያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ዕቃው ከፉርጎ ወርዶ መጋዘን ይገባል፤ ከመጋዘን በግመልና በበቅሎ ተከፋፍሎ ዳገቱን ይወጣል። ከዚህ ሥራ ነው ከተማ የተወለደው።

የስልክ ሽቦ ግን ተራራ አልፈራም። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የስልክ መስመር የተጀመረው በዚያው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ ባቡሩ ድሬዳዋ ሳይደርስ ድምፅ በተራሮች ላይ ይመላለስ ነበር። ባቡሩ ራሱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ቀላሉ ቀድሞ ሄደ፤ ከባዱ ዓመታት ጠበቀ።

ምስል ከነዚህ ከሁለቱ ከየትኛው ይመደባል? ዛሬ በስልካችን ላይ እንደ ድምፅ ቀላል ይመስለናል። እውነቱ ግን ምስል ሁልጊዜም ጭነት ነበር፤ አሁንም ጭነት ነው። አንድ ድረ ገጽ ድሬዳዋ ላለ ሰው በፍጥነት ይከፈት ወይስ ሰውየው ነጭ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቅር የሚለውን የሚወስነው፣ ፉርጎውን ከተራራው ሥር ያስቆመው ያው የክብደትና የርቀት ሒሳብ ነው።

ሃዲዱ ከመምጣቱ በፊት ፎቶግራፍ ከዚህ አካባቢ ወደ ውጭ እንዴት ይሄድ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በንግድ ሥራ ሐረር ተቀምጦ ሳለ የፎቶ መሣሪያ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን አንሥቶ ለእናቱና ለእኅቱ ላከላቸው። ፎቶዎቹ የታጠቡበት ውኃ መጥፎ ስለነበር ነጥተው መውጣታቸውን በደብዳቤው ነግሯቸዋል። ራምቦ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር ሲወጣ በፈረስ 20 ቀን ፈጅቶበታል፤ እነዚያ የነጡ ወረቀቶችም በዚያው በረሃ በኩል ወደ ባሕር ወርደው በመርከብ አውሮፓ መድረስ ነበረባቸው። ሦስት ደብዛዛ ፎቶ፣ የሳምንታት መንገድ።

ባቡሩ ይህን አሳጠረ፤ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡር በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ከዚራ የተባለው ሰፈር፣ ፈረንሳዮቹ በቀጥታ ያሰመሩት ዛፍ የጠለለው ጎዳና፣ ለዚህ ለአዳሪ መንገደኛና ለባቡር ሠራተኛ የተዘረጋ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ የተባለው ሰፈር የነጋዴው ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ የዓለም ጋዜጠኞችና ካሜራ አንሺዎች በዚህ መስመር ወጥተው በዚሁ ወረዱ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የላከው ሮበርት ሙር የበዓሉን ፎቶዎች በቀለም አንሥቷል። አሜሪካዊው አንባቢ ያያቸው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትም ነው፤ ከበዓሉ ሰባት ወር በኋላ። በዚያ ዘመን ለነበረ ሰው ይህ መዘግየት ተብሎ አይቆጠርም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተንቀሳቃሽ ምስል ክብደቱ ሌላ ነበር። አንድ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በትልቅ ጥቅል ተጠቅልሎ የሚቆየው 20 ደቂቃ ግድም ብቻ ነው። አንድ ሙሉ የሕንድ ፊልም ሲኒማ ቤት ለመግባት በብረት ጣሳ የታሸጉ በርካታ ጥቅሎች ያስፈልጉታል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር ምስል ያለ ጣሳና ያለ ፉርጎ መሄድ ቻለ፤ ነገር ግን ተመልካቹ የሚያየው ጣቢያው የሰጠውን፣ ጣቢያው በፈለገው ሰዓት ነበር። ድሬዳዋ የራሷን ምርጫ ያገኘችው በሌላ መንገድ ነው፤ በካሴት።

ታይዋን የሚባለውን ገበያ ስሙ ይናገርለታል። ሬዲዮው፣ ቴፑ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው ከጅቡቲና ከሶማሌ በኩል እየገባ ድሬዳዋን የኤሌክትሮኒክስ ከተማ አድርጓት ነበር። ቪዲዮ ቤቶች በአንድ ካሴት ብዙ ሰው አሳዩ። ካሴቱ ለሲዲ፣ ሲዲው ለፍላሽ ቦታውን ለቀቀ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፍላሽ የሚጭነው ሙዚቃ ቤት በኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ ሊጻፍ የሚገባው ተቋም ነው። ልጁ ሚሞሪውን ይሰጣል፤ ባለቤቱ ከኮምፒውተሩ ላይ ዘፈኑን፣ ድራማውን፣ ፊልሙን ይጭንለታል፤ ልጁ ጥቂት ብር ከፍሎ ይሄዳል። ፊልሙ ከባሕር ማዶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ መቶ ሰው ከሰፈሩ ወሰደው። የዓለም ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በብዙ ገንዘብ የሠሩት ነገር በአሳብ ደረጃ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በስልክ መስመር የሚደወልበት ሞደም ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነበር የሚያስተላልፈው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሜጋባይት የምትመዝን ፎቶ ምንም ሳይስተጓጎል ብትመጣ እንኳ ከሁለት ደቂቃ በላይ ትፈጃለች። በኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ ውጭ ካለ ዘመድ የተላከ የሠርግ ፎቶ የከፈተ ሰው ያንን አይረሳም። ምስሉ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ እየወረደ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የሙሽራዋ ቬሎ ጫፍ፣ ቀጥሎ ግንባሯ። ዓይኗ ጋ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ሰዓቱ ግን ይቆጥራል፤ ሒሳቡም ይከፈላል።

ያ መጋረጃ እንኳ ጄፔግ የተባለው አሠራር ባይኖር ኖሮ ከዚያ በብዙ እጥፍ በዘገየ ነበር። የጄፔግ ሥር በትውልድ ሕንዳዊ የሆነው መሐንዲስ ናሲር አሕመድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት የሒሳብ ስልት ነው፤ ደረጃው ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አሠራሩን ድሬዳዋ ውስጥ ላደገ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የሐረርጌ ቡና ከነገለፈቱ ይደርቃል፤ ይፈለፈላል። ከዚያ በመጋዘን ሴቶች ተቀምጠው ፍሬ በፍሬ ይለቅሙታል። የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ ጠጠሩ ይወጣል፤ የቀረው በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል። ነጋዴው ገለፈትን አስጭኖ እስከ ባሕር ድረስ የማጓጓዣ ዋጋ አይከፍልም። ጄፔግም ምስሉን ስምንት በስምንት በሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ የሰው ዓይን ልብ የማይለውን የቀለም ልዩነት ለቅሞ ይጥላል። የዓይን ነገር አስገራሚ ነው፤ ብርሃንና ጥላን አጥብቆ ይለያል፣ የቀለም ዝርዝርን ግን ይስታል። የሚጣለው ከዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዌብፒ፣ በ2019 የወጣው ኤቪአይኤፍ ያንኑ ለቀማ ይበልጥ አጥርተው የሚሠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ የዛሬ ድረ ገጽ ሠሪዎች ላይ ሊነሣ የሚገባ ቅሬታ አለ። አንድ መካከለኛ የእጅ ስልክ የሚያነሣት ፎቶ 4,000 በ3,000 ነጥብ (ፒክስል) ትሆናለች፤ ክብደቷ ሦስት አራት ሜጋባይት ይደርሳል። የብዙው ሰው ስልክ ስክሪን ግን ወርዱ 720 ነጥብ ነው። ፎቶዋ እንዳለች ድረ ገጹ ላይ ስትሰቀል ስልኩ ሁሉንም ያወርድና አብዛኛውን ይጥለዋል። ገለፈቱን አስጭኖ ቤት ከደረሰ በኋላ እንደ መፈልፈል ነው። የሚከፍለው ደግሞ ተጠቃሚው ነው፤ በሜጋባይት እየተቆጠረ ከሚሸጥ የዳታ ጥቅሉ ላይ። ፎቶዋን በ800 ነጥብ ወርድ አሳንሶ በዌብፒ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎባይት በታች ያወርዳታል፤ በዓይን የሚታይ ልዩነት ሳይኖር። ለትልቅ ስክሪን ትልቋን፣ ለትንሽ ስክሪን ትንሿን እንዲመርጥ ለብሮውዘሩ ሁለት ሦስት ቅጂ አዘጋጅቶ መተው ደግሞ ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ ሠሪ የሚችለው ነገር ነው። አንባቢው ወርዶ ሳያያት በፊት ከገጹ ግርጌ ያለችውን ፎቶ አለማስመጣትም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህ በአንድ ቃል ትእዛዝ ብሮውዘሩ ራሱ የሚሠራው ሆኗል። ስለ ሥዕሉ ስፋት ለብሮውዘሩ ቀድሞ መንገርም አይረሳ፤ ካልተነገረው ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ፎቶው ድንገት ገብቶ የሚነበበውን መስመር ወደ ታች ይገፋዋል።

የክብደትን ነገር ከማንም በላይ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ከዩቲዩብ ቤት ወጥቷል። ክሪስ ዘካሪያስ የተባለው መሐንዲስ የቪዲዮ ማሳያ ገጹ 1.2 ሜጋባይት መድረሱን አይቶ እንደ አዲስ ሠራውና 98 ኪሎባይት አደረገው። ለጥቂት ተጠቃሚዎች ለቀቀው። ውጤቱን ሲያይ ግን አማካይ የመክፈቻ ጊዜው ጨምሮ አገኘው። ገጹ ቀልሎ እንዴት ዘገየ? መልሱ ካርታው ላይ ነበር። ከአፍሪካ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከሳይቤሪያ ቀድሞ የማይመጡ ሰዎች መጥተዋል። በእነርሱ መስመር የድሮው ገጽ ለመከፈት ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅ ስለነበር ቀድሞም ከቁጥር አይገቡም ነበር። አሁን በሁለት ደቂቃ ተከፈተላቸውና ገቡ፤ አማካዩንም አዘገዩት። ከባድ ገጽ ሰውን ማዘግየት ብቻ ሳይሆን ጨርሶ ከቁጥር ያወጣል። የድሬዳዋ ኢንተርኔት ቤት ደንበኛ ከነዚያ ካልተቆጠሩት አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ማቅለል ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ማቅረብ ነው።

በመስታወት ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በቀይ ባሕርና በሜድትራንያን ሥር ማርሴይ ድረስ ገመዱ 6,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ጥያቄ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 60 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልገዋል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስልኩ መጀመሪያ አድራሻ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ከሰርቨሩ ጋር ይተዋወቃል፣ ቀጥሎ የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣል፣ ከዚያ ገጹን ይጠይቃል፤ ገጹ ሲመጣለት ደግሞ ሥዕሎቹን መጠየቅ ይጀምራል። ምልልሱ ሲደራረብ ሰከንድ ይሆናል። ሰርቨሩ አሜሪካ ከሆነማ ከዚያም ይብሳል። ገመዱን ማስፋት ይህን አያሳጥረውም፤ ሰፊ መንገድ ጅቡቲን ለድሬዳዋ አያቀርባትም።

የጫት ነጋዴዎች ይህንን በደንብ ያውቁታል። ጫት ተቆርጦ ሁለት ቀን ካለፈው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የአወዳይ ገበያ በሌሊት ይነቃል፣ እስሩ በእርጥብ ቅጠል ይጠቀለላል፣ አይሱዙው ይበርራል። በአንድ ወቅት ባቡር፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ ከድሬዳዋ ወደ ኤደን የሚበር አውሮፕላን ያንን ቅጠል ተሸክሟል። ጫትን መጋዘን ውስጥ አከማችቶ ገዢ መጠበቅ አይቻልም። ምስልና ቪዲዮ ግን ከጫት ይልቅ ዕድለኞች ናቸው፤ አይጠወልጉም፣ ሲወሰዱም አያልቁም። መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

የኤም.አይ.ቲ.ው ፕሮፌሰር ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳኒ ሉዊን እ.ኤ.አ. በ1998 አካማይን ሲመሠርቱ ያሰቡት ይህንኑ ነው። የድረ ገጹን ሥዕሎች ቅጂ በየአገሩ በተበተኑ ሰርቨሮች አስቀምጦ፣ ጠያቂው ከሁሉም ከቀረበው እንዲወስድ ማድረግ። በኋላ ጉግልና ሌሎችም የቅጂ ማስቀመጫ ሰርቨሮቻቸውን በቴሌኮም ድርጅቶች ግቢ ውስጥ ማኖር ጀመሩ። ድሬዳዋ የተሠራችው በዚሁ አሳብ ነው፤ ከባሕሩ የመጣው ዕቃ ከተራራው ሥር ይከማችና ለሐረር፣ ለጅግጅጋ፣ ለጭሮ ከቅርብ ይሰጣል። ፍላሽ ጫኙም እንደዚያው።

ቪዲዮ ሲሆን ሦስተኛ ጥበብ ይጨመራል፤ ከፋፍሎ መላክ። ድሮ አንድ ቪዲዮ አንድ ፋይል ነበር። ተመልካቹ ጥቂት አይቶ ቢዘጋው እንኳ የወረደው ወርዶ ዳታውን በልቶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 አፕል ያወጣውና ዛሬ በየቦታው የሚሠራበት አካሄድ ቪዲዮውን ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱንም ቁራጭ በተለያየ ጥራት አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። መስመሩ ሲበረታ ስልኩ ከባዱን ፉርጎ ይቀጥላል፤ ሲደክም ቀላሉን። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ ጉዞው አይቆምም። ስለዚህ በአንድ ሆቴል ወይም በአንድ ዜና ድረ ገጽ መግቢያ ላይ ሳይጠየቅ በራሱ የሚጀምር ትልቅ ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ቢያስብ ጥሩ ነው። አንዲት ቀለል ያለች የመጀመሪያ ሥዕል አስቀምጦ ተመልካቹ ሲነካት ብቻ ቪዲዮውን ማስጀመር፣ እንግዳን ሳያስፈቅዱ አለማስከፈል ነው።

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኞች በሙከራ የከፈተው በድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ የደረሳት ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። ለድሬ ሰው ይህ ቅደም ተከተል እንግዳ አይደለም፤ ባቡሩም ዋና ከተማዋን የደረሰው ከድሬዳዋ 14 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በመንግሥት ይዞታ ብቻ የቆየው ቴሌኮም ተፎካካሪ ያገኘው በዚህች ከተማ አስፋልት ላይ ነው።

መስመሩ ፈጠነ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ወራት ቀይ ባሕር ውስጥ የተወሰኑ የባሕር ሥር ገመዶች ተበጠሱ። ኤኤኢ-1፣ ሲኮምና ኢ.አይ.ጂ. ከተጎዱት ውስጥ ነበሩ፤ ሦስቱም ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው። በዚያን ጊዜ የአውሮፓና የእስያ ኩባንያዎች ትራፊካቸውን በሌላ ዙሪያ ለማስተላለፍ ተገደዋል። ቅጂው በቅርብ ላለ ሰው የሩቁ ገመድ መበጠስ የሚያስከትለው ጉዳት ያንሳል። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የራሷ የዳታ ማዕከል አላት፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዊንጉና ራክሲዮ የተባሉ ድርጅቶች አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ማዕከል ከፍተዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ ገመዱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ መጋዘን የመሆን ልምዷ ከሁሉም የሚበልጥ ከተማ ተቀምጣለች።

የድሮው ለገሃር ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፤ በፊቱ ላይ የፈረንሳይኛው የባቡር ድርጅት ስም አለ። ሠረገላዎቹ ግን እንደ ድሮው አይመላለሱም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ወደ ድሮው ለገሃር ፎቶ ለመነሣት የሚመጣ ሰው አለ። አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ተነሥታ በቴሌግራም ጅቡቲ ላለች አክስቷ ትልካለች እንበል። ስልኳ ያነሣት ፎቶ አራት ሜጋባይት ብትሆን ቴሌግራም ከመላኩ በፊት ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ነጥብ አውርዶ ያቀልላታል፤ ገለፈቱ እዚሁ ቀረ። ከዚያ ምስሉ የድሮውን ሃዲድ አቅጣጫ ይዞ ወደ ባሕር ይወርዳል። በሃዲዱ 311 ኪሎ ሜትር ላይ ካለችው አክስት ከተማ ግን አይቆምም፤ የቴሌግራም መጋዘን እዚያ የለምና በቀይ ባሕር ሥር አልፎ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ይገባል፣ ከዚያ ዞሮ በዚያው ገመድ ወደ ጅቡቲ ይመለሳል።